ብርድና ሃይብሪድ መኪና፦ ከአንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ብርዱ ሲጠና የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ገሚሱ «ሞተሬ ምን ሆኖ ነው?» ይላል፤ ገሚሱ «ማሞቂያዬ ምን ሆኖ ነው?» ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርም በባትሪም የሚሄድ መኪና፣ ለሚነዳ ሰው ግን ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። በአብዛኞቹ ሃይብሪዶች ማሞቂያው ሙቀቱን የሚወስደው ከሞተሩ ኩላንት፣ ማለትም ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ ነው። ሞተሩ ካልሠራ ሙቀት የለም። ኩላንቱ ከጎደለም የለም። የዛሬዎቹን ጥያቄዎች ሲያነቡ ይህን ይያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ፕሪየስ፣ የቶዮታን ሃይብሪድ ነው የምነዳው። ሞቅ ባለ ቀን መብራት ይዞኝ ስቆም ሞተሩ ዝም ይላል። ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ግን ቆሜም አይጠፋም። የነዳጁ ነገርማ አይወራ። ጋራዥ ልውሰደው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ሞተሩ የሚሠራው ለጎማው ሳይሆን ለእርስዎ እግር ይሆናል። ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አድርገው ነፋሹን እስከ ጥግ ከከፈቱት ኮምፒውተሩ ሙቅ ኩላንት ይጠይቃል፤ ሞተሩም አይጠፋም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በደንብ ነድተው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጥግ ይዘው ይቁሙና ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ሞተሩ ብዙም ሳይቆይ ዝም ካለ መኪናዎ ጤነኛ ነው። ማሞቂያውን ጥቂት ዲግሪ ዝቅ አድርገው የወንበር ማሞቂያውን ይጠቀሙ። በብዙ ሞዴሎች ኢኮ ሞድ የሚባለው የነዳጅ ቁጠባ ቁልፍም የማሞቂያውን ጥያቄ ይቀንሰዋል።

የነዳጁ ነገር ግን አይቀርም። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ ከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪናን በ25 ዲግሪና ከዜሮ በታች 7 ላይ ያነጻጽራል። በብርዱ ተራ የቤንዚን መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሃይብሪድ ከ30 እስከ 34 በመቶ ያጣል። ሃይብሪድ ነዳጅ የሚቆጥበው ሞተሩን እያጠፋ ነው፤ ብርድ የሚከለክለው ደግሞ ይህንኑ ማጥፋት ነው። የጎማ ንፋስም በብርድ ስለሚቀንስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለኩት።

ጋራዥ የሚያስኬደው ሌላ ነገር ነው። ረጅም መንገድ ነድተውም ሞተሩ ካልሞቀ፣ ቼክ ኢንጅን የሚለው መብራት በርቶ ጋራዥ የሚነበበው የብልሽት ኮድ ፒ0128 ከሆነ ቴርሞስታቱ (በሙቀት እየተከፈተ ኩላንቱን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ዕቃ) ክፍት ሆኖ ቀርቷል ብለው ይጠርጥሩ። ኩላንቱ ሳይሞቅ ወደ ራዲያተር እየሄደ ይቀዘቅዛል። ቴርሞስታት ከሃይብሪድ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ከሚባሉት ነው፤ ባትሪ ቀይሩ የሚልዎትን ሰው ከመስማትዎ በፊት እሱን ያስዩ።

ጥያቄ፦ ስነዳ ማሞቂያው ይሠራል። ስቆም ቀዝቃዛ አየር ይነፋብኛል። ከዳሽቦርዱ ኋላ ደግሞ ውሃ ሲንኮለኮል ይሰማኛል። መኪናዬ የ2011 ፕሪየስ ናት።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ቁም ነገር ብለው ይያዙት። የሚንኮለኮለው ድምፅ አየር ነው። አየር የገባው ኩላንት ስለጎደለ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር የቀረችው ኩላንት እንደምንም ወደ ማሞቂያው ትደርሳለች። ሲቆሙ ግን አትደርስም።

ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ኮፈኑን ይክፈቱ። የእጅ ባትሪ ይዘው የኩላንቱን ፕላስቲክ ዕቃ ከጎን ያብሩበት። ሮዝ ፈሳሹ በሁለቱ መስመሮች መካከል መታየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዕቃው ሁለት ነው። አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ነው። የኢንቨርተሩ ሞልቶ አይተው «ኩላንቴ ደህና ነው» ብለው እንዳይዘጉት። የሞተሩን ዕቃ ካገኙ በኋላ ፈሳሹ የደረሰበት ላይ ፕላስተር ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። በሳምንቱ ይመልከቱት። ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑን በጭራሽ አይንኩ፤ ፊት ያቃጥላል።

ከወረደ የት ሄደ? ከሥር ጠብታ ካለ ቱቦ ወይም የውሃ ፓምፕ ነው። የእርስዎ ሞዴል ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ቺንጊያ የለውም። ስለዚህ ድክመቱ በጩኸት አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ በኮድ ነው የሚነግርዎት።

ጠብታ ሳይኖር የሚጎድል ከሆነ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጠዋት ሲያስነሱ መኪናዋ ለጥቂት ሰከንዶች ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች? ሞተሩ ተሰብሮ እንደሚወጣ ይንኳኳና ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይስተካከላል? መልስዎ አዎ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬቱ፣ ማለትም በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ አልቆ ይሆናል። ሌሊቱን ኩላንት ወደ ሲሊንደር ሰርጎ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው እሱን እያቃጠለ ነው። ከ2010 እስከ 2015 የተሠሩት ፕሪየሶች በዚህ ይታወቃሉ። የጭስ ማውጫውን ጋዝ ወደ ሞተር የሚመልሰው መስመር ማቀዝቀዣው በጥላሸት ይደፈናል፤ ብዙ መካኒኮች የጋስኬቱን መቃጠል ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ጋስኬቱን ቀይሮ ማቀዝቀዣውን ሳያጸዳ የሚመልስልዎት መካኒክ ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። የኩላንቱ መስመር በግፊት ተሞልቶ ያድራል። ጠዋት ካንዴላዎቹ ተነቅለው ትንሽ ካሜራ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል። የረጠበ ወይም ታጥቦ የነጻ ፒስተን ካለ ጉዳዩ አለቀ። እስከዚያው ድረስ እየሞሉ መንዳት ያጓጓል፤ እኔ አልመክርም። አንድ ቀን ብዙ ኩላንት ሲሊንደር ውስጥ ካደረ ሲያስነሱ የፒስተኑ ዘንግ ይጎብጣል። ያኔ ወጪው የጋስኬት ሳይሆን የሞተር ነው።

ጥያቄ፦ ንጹሕ ኩላንት ያለ ውሃ ብሞላ ለብርድ ይበልጥ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ኤቲሊን ግላይኮል ብቻውን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል እስከ ከዜሮ በታች 37 ገደማ ይቋቋማል። 60 በመቶ ሲሆን ከዜሮ በታች 50ም ይደርሳል። ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ከገዙ ምንም አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ጠዋት የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ያለ የሌለ መብራት በራ፤ መኪናው ለመሄድ ዝግጁ መሆኑን የሚነግረው «ሬዲ» ግን አልመጣም። ትልቁ ባትሪ ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ትንሿን ይጠርጥሩ። ሃይብሪድ ውስጥ 12 ቮልቷ ባትሪ ሞተሩን አታስነሳም። ሥራዋ ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና መኪናውን በኤሌክትሪክ ከሚነዳው ከትልቁ ባትሪ የሚመጣውን መስመር ማገናኘት ነው። ለዚህ ብዙ ጉልበት ስለማይፈልግ ባትሪዋ ስትደክም እንደ ተራ መኪና በሞተሪኖ ማቃሰት አታስጠነቅቅም። አንድ ቀን ጠዋት ዝም ትላለች፤ በቃ።

በቮልት መለኪያ ይዩዋት። ያረፈች ጤነኛ ባትሪ 12.6 ገደማ ታሳያለች። ከ12 በታች ከሆነች ባዶ ናት። በብዙ ሞዴሎች ባትሪዋ ከኋላ ብትሆንም በኬብል ማስነሻው ነጥብ ኮፈኑ ሥር፣ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን እንዳያቀያይሩ፤ ስህተቱ ፊውዝ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ከፊውዝ በጣም የሚወደድ ነገር። አንዴ «ሬዲ» ካለ ትልቁ ባትሪ ትንሿን ይሞላታል። ዲናሞ የለም። ስለዚህ ራዲዮ እየሰሙ መቀመጥ ካማረዎት «ሬዲ» ላይ አድርገው ይቀመጡ።

ደግሞ ባዶ ባትሪ በብርድ ይረጋል። ሙሉዋ ከዜሮ በታች 50ን ያለ ችግር ታልፋለች፤ ባዶዋ ከዜሮ በታች 10 ሳይደርስ በረዶ ልትሆን ትችላለች። ጎኗ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ቻርጅ አያድርጓት፤ ልትፈነዳ ትችላለች።

ጥያቄ፦ 12 ቮልቷን አዲስ ቀየርኩ። ከዜሮ በታች 35 በሆነበት ጠዋት ግን «ሬዲ» አልል አለኝ።

መልስ፦ ይህ አሁን ትልቁ ባትሪ ነው፤ ግን አልሞተም፣ በርዶት ነው። ቶዮታ ራሱ በመመሪያ መጽሐፉ ባትሪው ከዜሮ በታች 30 ገደማ ካለፈ መኪናው ላይነሳ እንደሚችል ይጽፋል። መፍትሔ የሚለውም ሙቀቱ ከፍ እስኪል ጠብቁ ነው። የድሮዎቹ ሆንዳ ኢንሳይቶች ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ተራ ሞተሪኖ በመጠባበቂያ ይዘው ነበር። እኔ አሁንም የሚያስቀና ሐሳብ ነው እላለሁ። ለእርስዎ ያለው መንገድ መኪናውን ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ነው።

ከተነሳ በኋላም መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ሊያንስ፣ ፍሬን ሲይዙም ባትሪው ብዙ ላይሞላ ይችላል። ኮምፒውተሩ ባትሪውን እየጠበቀ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ በጣም ቀዝቅዞ በኃይል ቢሞላ ይጎዳል። ብዙ ሃይብሪዶች የባትሪውን አየር የሚወስዱት ከመኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር አጠገብ ካለች ቀዳዳ ነው። እርስዎ ሲሞቅዎት እሱም ይሞቀዋል። ብርድ ልብስና ሻንጣ አይቆልሉባት።

ጥያቄ፦ በረዶ ልጠርግ ብዬ መኪናውን ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሼ አጠፋሁት። በማግስቱ ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይያዝም።

መልስ፦ ቤንዚን ከሸተተዎት ካንዴላዎቹ ታጥበዋል። ሞተር በብርድ ሲነሳ ብዙ ቤንዚን ይረጫል፤ ሳይሞቅ ሲያጠፉት ያ ቤንዚን እዚያው ይቀራል። ሞተሩን የሚያሽከረክረው ትልቁ ባትሪ ስለሆነ ደጋግመው አይሞክሩ። እሱ ከተሟጠጠ ቤት ባለ ቻርጀር አይሞላም፤ በተጎታች ነው የሚሄዱት። ሁለቴ ሞክሮ እምቢ ካለ ካንዴላ አስነቅሎ ማድረቅ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ነዳጅ መኖሩን ይዩ። አይሳቁ፤ ፒ3190 እና ፒ3191 የሚባሉት የፕሪየስ ኮዶች ነዳጅ ሲያልቅም ይመጣሉ። በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ላይ የቆሸሸ የአየር ማስገቢያ ጉሮሮም በብርድ ይህንኑ ያመጣል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ጽዳት ነው።

ከዚህ በኋላ ካስነሱት ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር አየሁ። ጋስኬት ነው?

መልስ፦ ኩላንቱ ካልጎደለ አይመስለኝም። አጭር አጭር መንገድ በብርድ ሲነዳ እርጥበቱ ሳይተን ይቀራል፤ ክዳኑ ሥር ይሰበሰባል። ቤንዚንም ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ከመስመር በላይ ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ይቀይሩት። በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ይንዱ። ዘይቱ መመሪያው የሚለው 0ደብልዩ-20 (ቀጭን ዘይት) ከሆነ «ወፍራም ይሻላል» የሚልዎትን አይስሙ።

ጥያቄ፦ የሞተር ማሞቂያ ላስገጥም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ ልደር?

መልስ፦ ከመነሳትዎ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በፊት ይበቃል። የፕሪየሱ 400 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያሞቀው ውጪውን ነው። ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ይግዙ። ከ2004 እስከ 2009 ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩት ፕሪየሶች ትኩስ ኩላንት እስከ ሦስት ቀን የሚያቆይ ቴርሞስ ነበራቸው። ያ የተተወው ለምን ይሆን እያልኩ እቆጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ «ሬዲ» አድርጌ ባሞቀው ችግር አለው? ድምፅ እኮ የለውም።

መልስ፦ አለው፤ ችግሩም ድምፅ አለመኖሩ ነው። ባትሪው ሲወርድ ወይም ኩላንቱ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል። በሩ ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል፤ ሽታ የለውም። በሩ ክፍት ቢሆንም ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ውስጥ አያሙቁ። ውጪ ያውጡት፤ ውጪም ሲሆን ማርሚታው በበረዶ አለመደፈኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ የእኔ በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ለምን ይነሳል?

መልስ፦ ማሞቂያ ስለከፈቱ ነው። ብዙዎቹ በብርድ ያለ ሞተር በቂ ሙቀት አይሰጡም። እንደ 2017 ፕሪየስ ፕራይም ያሉት ሂት ፓምፕ (ከውጪው አየር ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ) አላቸው፤ እሱም ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ገደማ ሲያልፍ ለሞተሩ ይለቅቃል። ሶኬት ላይ እንዳለ ቀድመው ያሙቁት፤ ከዚያ በወንበር ማሞቂያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መስታወቱ ከውስጥ እየደፈነ አስቸገረኝ።

መልስ፦ አየሩን ከውጪ እንዲገባ ያድርጉ፤ ውስጥ ውስጡን የሚያዞረውን ቁልፍ ያጥፉ። ኤሲውን ይክፈቱ፤ አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። በረዷማ ምንጣፍ ካለም አውጥተው ያራግፉት። ይህን ሁሉ አድርገው መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጭጋግ ከቀረና መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ኩላንት እያፈሰሰ ነው። በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉን ገልጠው በእጅዎ ይዳስሱት።