ፍሬውን ማወቅ ሌላ፣ አሠራሩን ማወቅ ሌላ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሲነሣ ተማሪዎቼ፣ ያን ያህል ደረቅ በሆነ ምድር ሳያርሱና ከብት ሳያረቡ ለብዙ ሺሕ ዓመታት እንዴት ሊኖሩ ቻሉ እያሉ ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹም ራሳቸው “ያገኙትን እየለቀሙ ይበሉ ነበር” ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ትክክል ነው ወይ? ከዱር ከሚገኘው መርዛማ የሆነውንስ በምን ይለዩት ነበር?
(አንዲት መምህርት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ተማሪዎችዎ የሰጡት መልስ መታረም አለበት። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በዚያች አህጉር ከ50,000 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ እንግሊዞች በ1788 ሰፈራ ሲጀምሩም ከ250 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገሩባት ነበር። (በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ ሕዝብ የሚያውቀው የራሱን አገር ወንዝና ኩሬ፣ ሥርና ፍሬ ነው። ስለዚህ “የነባር ሕዝቦች ምግብ” ብሎ በጅምላ መናገር፣ የጨርጨር ደገኛና የአፋር በረሃ ነዋሪ አንድ ዓይነት ማዕድ ይቀርብላቸዋል እንደ ማለት ይሆናል።

መርዛማውን በምን ይለዩት ነበር ላሉት፣ ጉዳዩ ከመለየት ያለፈ ነው፤ መርዛማነቱን እያወቁ መርዙን አስወጥተው ይበሉት ነበር። በሰሜን አውስትራሊያ ሳይካድ የሚባል ዘንባባ መሰል ተክል ይበቅላል። ፍሬው ኃይል ሰጪ ምግብ ቢሆንም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለበት። የአርነም ላንድ ሴቶች ፍሬውን ፈልፍለው ከሰነጠቁ በኋላ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ በከረጢት አድርገው ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፉታል፤ መርዙ በውኃው ታጥቦ ከሄደ በኋላ በድንጋይ ይፈጩትና ሊጡን በዛፍ ልጥ ጠቅልለው በረመጥ ይጋግሩታል። ይህ ዳቦ ለሥርዓተ በዓል የተሰበሰበውን ብዙ ሕዝብ ይመግብ ነበር። በ1770 የካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከበኞች በነባሮቹ የምድጃ ቦታ ዙሪያ የዚህን ፍሬ ቅርፊት ተበትኖ አይተው ፍሬው የሚበላ መሆኑን ተረዱ፤ እንዲሁ ቢበሉት ግን ክፉኛ ታመሙ። ፍሬውን በትክክል ለይተውት ነበር፤ የጎደላቸው በቅርፊቱና በዳቦው መካከል ያለው የበርካታ ቀናት ሥራ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነው የቡርክና የዊልስ ታሪክ ነው፤ ለተማሪዎችዎ ቢተርኩላቸው ደስ ይለኛል። ሮበርት ቡርክና ዊልያም ዊልስ አውስትራሊያን ከደቡብ እስከ ሰሜን ለማቋረጥ ኦገስት 20 ቀን 1860 ከሜልበርን በብዙ ስንቅና ግመል ተነሡ። ሰሜኑ ባሕር አጠገብ ደርሰው ሲመለሱ፣ ኩፐር ክሪክ ከተባለው የወንዝ ዳር ሠፈራቸው የገቡት ኤፕሪል 21 ቀን 1861 ማታ ነበር፤ ሲጠብቋቸው የቆዩት ጓደኞቻቸው ደግሞ ተስፋ ቆርጠው በዚያው ዕለት ጠዋት ወጥተው ሄደዋል። ስንቃቸው እያለቀ ሲሄድ፣ የአካባቢው ባለቤቶች የያንድሩዋንዳ ሰዎች ዓሣና ናርዱ ከሚባል የውኃ ዳር ተክል ፍሬ የተጋገረ ቂጣ ሰጧቸው። የያንድሩዋንዳ ሴቶች ናርዱን ያምሱታል፣ በድንጋይ ይፈጩታል፣ ገለባውን ይለያሉ፣ ዱቄቱን በብዙ ውኃ ይበጠብጡታል፤ የሚበሉትም ከዓሣና ከሌላ ምግብ ጋር ነው። አሳሾቹ ከዚህ ሁሉ ወፍጮውን ብቻ ወሰዱ። ናርዱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ1 የሚያፈርስ ቲያሚኔዝ የተባለ ንጥረ ነገር እንዳለው ዛሬ ይታወቃል፤ በርካታ ተመራማሪዎችም ሰዎቹን ያዳከማቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዊልስ በማስታወሻው፣ ናርዱን እየበላም አቅሙ ተሟጦ ከቦታው መነሣት እንዳቃተው ጽፏል። ቡርክ በበኩሉ ዓሣ ያመጡላቸውን ሰዎች በጥይት አስፈራርቶ አባሮ ነበር። ሁለቱም በጁን መጨረሻ ገደማ ሞቱ። ሦስተኛው ጓደኛቸው ጆን ኪንግ ግን ወደ ያንድሩዋንዳ ሰዎች ተጠግቶ፣ የሚበሉትን እነርሱ እንደሚያዘጋጁት እየበላ፣ ፈላጊዎች በሴፕቴምበር እስኪደርሱለት ድረስ በሕይወት ቆየ። ሦስቱም የነበሩት በዚያው ወንዝ ዳር፣ በዚያው ናርዱ መካከል ነው።

ይህን ለማስረዳት ከአገራችን ምሳሌ ከፈለጉ ጓያ አለልዎት። ጓያ ድርቅ የሚችል እህል ስለሆነ በክፉ ዘመን ሌላው ሁሉ ሲከስም እርሱ ይተርፋል፤ ነገር ግን ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሰንፋል፣ ሽባነቱም አይመለስም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ ጉዳቱን ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በላቦራቶሪ ተነግሯቸው አይደለም።

“ሳያርሱ” የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰሜን አውስትራሊያ የዱር ቦዬ የሚቆፍሩ ሴቶች ሥሩን ሙሉ በሙሉ አይነቅሉትም፤ ከሐረጉ ጋር የተያያዘውን የላይኛውን ጫፍ መሬት ውስጥ ይተዉታል፣ በሚቀጥለው ዝናብም ያቆጠቁጣል። በቪክቶሪያ የሚገኙት የጉንዲችማራ ሕዝቦች በቡጅ ቢም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የውኃ ቦይና ግድብ ሠርተው፣ ኢል የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ ከ6,600 ዓመታት ገደማ ጀምሮ ያጠምዱና ያቆዩ ነበር። ቦታው በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን የሠራን ሕዝብ ያገኘውን ለቃሚ ማለት ግፍ ነው፤ እንዲህ ያለው አባባል መሬቱን ለመንጠቅ ምክንያት ሆኖ እንዳገለገለም ተማሪዎችዎ ቢያውቁት መልካም ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልጠቁምዎት። ተማሪዎችዎን ወደ ቀፊራ ገበያ ይላኳቸውና ሮቃ፣ ቁርቁራና የቁልቋል ፍሬ ከገጠር የሚያመጡትን እናቶች እንዲጠይቁ ያድርጉ። የፍሬውን ስም መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደሚለቀም፣ ምን ያህሉ ዛፉ ላይ እንደሚተው፣ እንዴት እንደሚታጠብ ወይም እንደሚፈላ፣ ማን መብላት እንደሌለበት ይጠይቁ። መልሱን በተናጋሪዋ ፈቃድና በራሷ አነጋገር ይጻፉት። በአውስትራሊያ የዱር ምግብ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሸቀጥ ሲሆን፣ ዕውቀቱን ጠብቀው ያቆዩት ሕዝቦች ከንግዱ የሚደርሳቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የእኛም እናቶች ዕጣ እንደዚያ እንዳይሆን ከአሁኑ ማሰብ ያሻል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር፣ ከሐኪም ተራራ ግርጌ ነው። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ለአደን ሲሉ ሜዳውን ሆን ብለው ያቃጥሉ እንደነበር አነበብኩ። እኛ እሳት ዱርን ያጠፋል እየተባልን አድገናል፤ እነርሱ እንዴት ጠቀማቸው?
(ከሐረር አንድ አንባቢ)

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው፤ አሁንም ያደርጉታል። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ የማርቱ ሴቶች በቀዝቃዛው ወራት ስፒኒፌክስ የሚባለውን እሾሃም ሣር በትንንሹ ከፋፍለው ያቃጥላሉ። ሣሩ ሲነሣ አሸዋው ላይ የአርጃኖ ጉድጓድ ይታያል፤ አርጃኖው በብርዱ ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ቆፍረው ያወጡታል። ከተቃጠለው ቦታ ቆየት ብሎ የሚበሉ ፍሬና የሣር ዘር ይበቅላል፤ አዲስ የተቃጠለና ያረጀ ሣር እየተፈራረቀ ስለሚገኝም አንድ መብረቅ የጫረው እሳት በረሃውን ጠራርጎ መሄድ አይችልም። ማርቱዎች በ1960ዎቹ ከበረሃው በወጡበት ዘመን ግን እሳቱ እጅግ ሰፊ እየሆነ መጣ፤ ትንንሽ እንስሳትም ተመናመኑ።

እባክዎ ይህን ወደ ሐረርጌ ተራሮች አይውሰዱት። የአውስትራሊያ ዕፅዋት ብዙዎቹ ከእሳት ጋር የኖሩ ናቸው፤ ከዚያው አገር የመጣው ባሕር ዛፍ እንኳ ቢቃጠል ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የእኛ ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ከጉቶው አይነሣም።

ጥያቄ፦ አውስትራሊያ ውስጥ የግራር ፍሬ ተፈጭቶ ይበላል ይባላል። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ግራር ብዙ ነውና የእኛንስ መብላት ይቻላል?
(ከለገሀሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሞክሩት። በአውስትራሊያ ወደ 1,000 የሚጠጉ የግራር ዝርያዎች ሲኖሩ ነባሮቹ ለምግብ የሚጠቀሙባቸው የታወቁ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱንም ቆልተውና ፈጭተው ነው። በኒጀር ማራዲ አካባቢ ገበሬዎች ለምግብ እንዲሆን የተከሉት ግራርም ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ተመርጦ የተሞከረ ዝርያ ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ የሚበቅሉት ከዚያ የተለዩ ናቸው፤ ፍየል በልታው ምንም አለመሆኗም ለሰው ማረጋገጫ አይሆንም። ጉዳዩ በእርግጥ ካሳሰብዎ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን አንድ ላይ ይዘው ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይሂዱና ዝርያውን የሚለዩ ባለሙያዎችን ያማክሩ።