የስኳር ሕመም የተገኘባት ድመት

ጥያቄ፦ ድመቴ የስኳር ሕመም ስለተገኘባት ሐኪሟ በቀን 2 ጊዜ ኢንሱሊን እንድወጋት አዘዘኝ። እጅግ ፈርቻለሁ፤ ምኑን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መርፌው ቀጭን ስለሆነና ከቆዳ ሥር ብቻ ስለሚገባ አብዛኞቹ ድመቶች ብዙም አይሰማቸውም። ኢንሱሊን የደም ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ስለሆነ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የደም ስኳሯ ከመጠን በላይ መውረዱ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱን በየ12 ሰዓቱ፣ መብላቷን አይተው ይስጧት፤ ካልበላች ወይም ካስመለሳት ሐኪሟን ሳያማክሩ አይውጓት፤ መውጋትዎን ከተጠራጠሩም አይድገሙ። ስትንገዳገድ ወይም ስትንቀጠቀጥ ካዩ ድዷን ማር ቀብተው ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ስሪንጁ ከኢንሱሊኑ ጥንካሬ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ያለውን ለ100 ዩኒት በተሠራ ስሪንጅ መለካት መጠኑን ያዛባል። ሕክምናው ቀደም ብሎ ሲጀመርና ምግባቸው ፕሮቲን የበዛበት፣ ስታርች ያነሰበት ሲሆን አንዳንድ ድመቶች ኢንሱሊን እስከ ማቆም ይደርሳሉ፤ ሆኖም የምግብ ለውጡ የኢንሱሊን ፍላጎቷን ሊቀንስ ስለሚችል ከሐኪሟ ጋር ተመካክረው ይጀምሩት።