የጤና ጣቢያ ቦርድ ውስጥ የነዋሪ ተወካይ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ «የጤና ጣቢያው ቦርድ ውስጥ የነዋሪ ተወካይ ሆኜ ተመረጥኩ፤ በባለሙያ መሃል ምን ልናገር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሕክምናው የባለሙያው ነው፤ እሱን ተይው። አንቺን የሚመለከትሽ ገንዘቡ ነው። ጤና ጣቢያ ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ለራሱ ይጠቀምበታል። በምን ላይ እንደሚውል ደግሞ ቦርዱ ይመክርበታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ረቂቁን ሚያዝያ ላይ ጠይቂ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጠርተው «አስተያየት ካለ» ካሉሽ አልቋል፤ ለውሃና ለቆሎ ነው የተጠራሽው።

እኛ ጋ አንድ ዓመት ረቂቁ ላይ የግቢ ንጣፍና የቢሮ ወንበር ነበር። ነፍሰ ጡሮቹ ግን «ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) የለም» እየተባሉ ለምርመራ ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላኩ ነበር። ክትትሉ ነፃ ነው በሚባልበት አገር! አንዲት ተወካይ እናቶቹ ከኪሳቸው የከፈሉባቸውን ደረሰኞች ሰብስባ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ንጣፉ ቀርቶ ሪኤጀንት ተያዘ። ወንበሩ ግን ተገዛ፣ ምን ታደርጊዋለሽ። አንቺም እንደዚህ የሚጨበጥ ነገር ይዘሽ ግቢ። የጤና መድህን ከፍለው «ከውጭ ግዙ» የሚባሉ ጎረቤቶች ካሉሽ የማዘዣ ወረቀታቸውን ለምኚያቸው።

ነዋሪው ለአገልግሎቱ ነጥብ የሚሰጥበት ስኮር ካርድ የሚባል አሠራርም አለ። ወረፋው፣ አክብሮቱ፣ መድኃኒቱ፣ ንጽሕናው፣ አምቡላንሱ ሁሉ ይመዘናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ይሉኝታ ነው፤ ሲስተሯ ፊት ለፊት ተቀምጣ ማን ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል? ባለሙያዎቹ ለጊዜው ይውጡልን በይ። ማን እንዳልመጣም እዪ። ሁልጊዜ የሚመጡት ያው የብሎክ ኮሚቴዎች ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ ጥበቃው፣ ከሳይቱ ጀርባ ያሉት ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች ስብሰባ አይመጡም። እነሱን ዕድር ላይ ወይም ክትባት ወረፋ ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ ቋንቋ የሚችል ሰው ይዘሽ ሂጂ።

«ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ብሎ የሚያሸማቅቅሽ አይጠፋም። በውለታ አልተቀመጥሽም። አገሮች ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት ያወጡት የአልማ አታ መግለጫ እንኳ በ1978 እ.ኤ.አ. ሕዝብ በጤና አገልግሎቱ ዕቅድና አፈጻጸም የመሳተፍ መብትም ግዴታም አለው ብሏል።

ቃለ ጉባኤውን ሳታነቢ ደግሞ እንዳትፈርሚ። ያነሳሽው ነገር «ውይይት ተደርጎበታል» ተብሎ ብቻ ከታለፈ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው እንዲያስገቡ ጠይቂ። ቅጂውንም በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይጠቅምሻል።