መልስ፦ የ2014ቱን የሎስ አንጀለስ ወደብ መጓተት ማን አመጣው?

አድማ አልነበረም፤ «አድማ ነው» ያለህ ጓደኛህ እዚህ ላይ ተሳስቷል። «የሠራተኞቹ ማኅበር እጁ የለበትም» ያልከው አንተም ግን አልረታህም።

የወደብ ሠራተኞቹ ማኅበር ከአሠሪዎቹ ጋር የነበረው ውል ጁላይ 1 ቀን 2014 አበቃ። ለወትሮው «ሥራ እያጓተቱ ነው» የሚል ክስ ሲነሳ ገላጋይ ዳኛ ቶሎ ይወስናል። ውል ሲያልቅ እሱም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያስቁም?

በኖቬምበር አሠሪዎቹ፣ ማኅበሩ የሠለጠኑ የክሬን ኦፕሬተሮችን መላክ ቀነሰ ብለው ከሰሱ። ቆይተው ግን ራሳቸው የሌሊት፣ ቀጥሎም የቅዳሜና እሁድ የመርከብ ማራገፍ ሥራ አቆሙ። ለቅዳሜና እሁዱ፣ ለተጓተተ ሥራ ጭማሪ አንከፍልም ነው ምክንያታቸው። ዕቃ ተከምሮ ፈረቃ መዝጋት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሁለታችሁም የረሳችሁት ሻሲውን፣ ማለትም መኪና የሚጎትተውን ባለጎማ የኮንቴይነር መጫኛ ነው። የመርከብ ድርጅቶቹ ሻሲዎቻቸውን ለአከራዮች ሸጠው ከሥራው ወጥተው ነበር። ኮንቴይነሩ አንዱ ተርሚናል ይወርዳል፣ ሻሲው ሌላ ተርሚናል ቆሟል፣ ሾፌሩ መሃል ላይ ይንከራተታል። ይህ ጣጣ ከኖቬምበሩ ክስ በፊትም ነበር።

ስምምነቱ የመጣው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2015 ነው፣ የዚያን ጊዜው የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ቶም ፔሬዝ ገብተውበት።

ዕቃ በማስጫን ሥራ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልምከርህ። መልህቅ ጥለው የቆሙ መርከቦችን ፎቶ ማስረጃ ብለህ አትለጥፍ። ፎቶው ወረፋ ያሳያል እንጂ ወረፋው በክሬን ይሁን በሻሲ እጥረት አይነግርህም። በአንድ ፈረቃ ስንት ኮንቴይነር እንደተራገፈ የሚያሳይ መረጃ ፈልግ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ነው።