ኮአ ነው ማሆጋኒ? የዩኩሌሌ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እኔ ባህር ዳር ግሽ አባይ አካባቢ ነው ምኖረው፣ አፀደ ህፃናት አስተምራለሁ፣ ክራርም ትንሽ ትንሽ እደረድራለሁ። አክስቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ትመጣለች እና ዩኩሌሌ፣ ያቺን ጊታር ምትመስል ትንሽ ባለአራት ክር መሳሪያ፣ ላምጣልሽ ብላ ሶስት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ሶፕራኖ ነው፣ ሁለመናው የማሆጋኒ ኮምፔርሳቶ። ሁለተኛው ኮንሰርት፣ ፊቱ ወጥ ስፕሩስ ጀርባና ጎኑ የሮዝውድ ኮምፔርሳቶ፣ ፒካፕም (ድምፁን ወደ ስፒከር ሚወስደው) አለው። ሶስተኛው ቴነር፣ ሙሉ በሙሉ ወጥ ኮአ፣ ሲያዩት ያስደነግጣል ማማሩ፣ ግን ዋጋው ሁለቱ ተደምረው እንኳን አይደርሱበትም። እጄ ትንሽ ነው። ልጆቹ ፊት ልጫወትበት ነው ምፈልገው፣ ማታ ደግሞ ቤት ለራሴ። አክስቴ ኮአውን ካልሽ አመጣዋለሁ ትላለች እኔ ግን ጨነቀኝ፣ የቱን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮንሰርቱን በያት። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ካወቅሽ ነገ ሌላ ፎቶ ቢላክልሽም ራስሽ ትመርጫለሽ።

ሰው ዩኩሌሌ ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ ሚጠይቀው ስለ እንጨቱ ስም ነው፣ ኮአ ነው ማሆጋኒ ነው እያለ። እኔ ግን ለስንቱ ተማሪ ስነግር ኖሬያለሁ፣ የእንጨቱ ስም መጨረሻ ነው ሚመጣው። መጀመሪያ መጠኑ፣ ቀጥሎ ወጥ ነው ኮምፔርሳቶ ሚለው፣ ከዛ አሰራሩና አስተካከሉ፣ ከዛ በኋላ ነው እንጨቱ።

መጠኑን እንይ። ሶፕራኖ ከጫፍ ጫፍ 53 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮንሰርት 58፣ ቴነር 66። ሶስቱም ቅኝታቸው አንድ ነው፣ ሶል ዶ ሚ ላ፣ ሚለያየው የክሩ ርዝመትና የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተተከሉት ስስ የብረት መስመሮች) ርቀት ነው። ሶፕራኖ ላይ ፍሬቶቹ ተጠጋግተው ስለሆነ ለህፃን ጣት ይመቻል፣ ለአዋቂ ግን ኮርድ ስትይዢ ጣት በጣት ላይ ይወጣል። ቴነር ላይ ደግሞ እጅሽ ትንሽ ነው ብለሻል፣ አራት ፍሬት ተዘርግተሽ መያዝ ሲመጣ መዳፍሽን ያደክምሻል። ኮንሰርቱ መሀል ነው፣ ለክፍል የሚበቃ ድምፅ አለው ለሊት ቤት ስትጫወቺም ጎረቤት አይረብሽም።

አሁን ዋናው ነገር። ኮምፔርሳቶ ማለት ታውቂዋለሽ፣ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ማሆጋኒ ሊሆን ይችላል መሀሉ ግን ሌላ ነው። ጠንካራ ነው፣ ድርቀትም እርጥበትም ብዙ አይነካውም፣ ድምፁ ግን ተደራርቦ እንደተጣበቀው ሁሉ ተጨንቆ ነው ሚወጣው። ወጥ እንጨት ግን እንደ ከበሮ ቆዳ በነፃነት ይንቀጠቀጣል፣ በተጫወትሽበት ቁጥርም ድምፁ እየተከፈተ ይሄዳል። ዩኩሌሌ ላይ አብዛኛውን ድምፅ ሚያወጣው ደግሞ ፊቱ ነው፣ ስለዚ ፊቱ ወጥ ሆኖ ጀርባው ኮምፔርሳቶ ሲሆን ገንዘብሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ዋለ ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ «ማሆጋኒ ዩኩሌሌ» ብቻ ካለ እና «ሶሊድ» ሚል ቃል ከሌለ ኮምፔርሳቶ ነው ብለሽ ውሰጂው። «ሶሊድ ቶፕ» ካለ ፊቱ ብቻ ነው፣ «ኦል ሶሊድ» ካለ ሁሉም።

አክስትሽ ሱቅ ሄዳ የምታየው ከሆነ ይቺን ንገሪያት፦ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ ጠርዙን በስልክ መብራት ትየው። የእንጨቱ መስመር ከላይ ጀምሮ ሳይቋረጥ ወደ ጠርዙ ከወረደ ወጥ ነው። እንደ ሳንዱች ሶስት ንብርብር ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩ ምንም ቢል ጠርዙ አይዋሽም።

ስለ እንጨቶቹ ድምፅ እንዲህ አድርጌ ልግለፅልሽ። ስፕሩስ ብሩህ ነው፣ ጮክ ይላል፣ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይሰማል፣ ሰላሳ ህፃን ፊት ስትቆሚ ሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ሴዳር ከስፕሩስ ይለሰልሳል፣ በጣት ቀስ ብሎ ለሚነካ ሰው ግሩም ነው፣ ግን እንጨቱ ራሱ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር ቶሎ ይጫራል። ማሆጋኒ ሞቅ ያለ መሀለኛ ድምፅ አለው፣ ዘፈን ስር ተኝቶ ዘፋኙን ሚያጅብ። ኮአ ሁለቱን ያጣምራል፣ የማሆጋኒ ሙቀት አለው ላይኛው ድምፅ ደግሞ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ አዲስ ሲሆን ትንሽ ይደርቃል እየቆየ ይጣፍጣል። ማንጎም አለ፣ አዎ ይሄ ባህር ዳር ግቢ ውስጥ ሁሉ ያለው ማንጎ፣ ሃዋይ ላይ ዩኩሌሌ ይሰሩበታል፣ ለዘብ ያለ ድምፅ አለው መልኩም ዝንጉርጉር ነው።

ኮአ ለምን ተወደደ ካልሽ በዓለም ላይ ሚበቅለው ሃዋይ ብቻ ስለሆነ ነው። ሚገርመው ደግሞ ዘሩ አካሺያ ነው፣ የኛ ግራር ዘመድ ማለት ነው። አንዳንዱ ዩኩሌሌ «አካሺያ» ተብሎ ይሸጣል፣ ከሌላ አገር የመጣ የኮአ ዘመድ ነው፣ በድምፅም በመልክም በጣም ይቀርበዋል ዋጋው ግን በብዙ ይቀንሳል። ኮአ ልብሽ ውስጥ ከገባ አንድ ቀን በሱ ጀምሪ።

የዩኩሌሌ ታሪኩ ራሱ የእንጨት ሰሪዎች ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1879 ከፖርቹጋል ማዴራ ደሴት የተነሳች ሬቨንስክራግ ምትባል መርከብ ሆኖሉሉ ስትደርስ ሶስት የቤት እቃ አናጢዎች ነበሩባት፣ ማኑኤል ኑኔዝ፣ አውጉስቶ ዲያዝና ዦዜ ዱ ኤስፒሪቶ ሳንቶ። ካገራቸው ያመጡትን ትንሽ ባለአራት ክር መሳሪያ እዛ ባገኙት ኮአ መስራት ጀመሩ፣ ንጉሡ ካላካዋም ወደዱት። ስሙ በሃዋይኛ «ምትዘል ቁንጫ» ማለት ነው ይባላል። እና ኮአን የመረጡት ከሁሉ ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፣ ደጃቸው ስለበቀለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ክራር ትደረድሪያለሽና በጣም ደስ ይልሻል። የዩኩሌሌ አራቱ ባዶ ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው አይደል? አራቱ ክሮች በሙሉ ትዝታ ውስጥ ናቸው! የጎደለችው ሬ ብቻ ናት፣ እሷንም የዶ ክር ላይ ሁለተኛውን ፍሬት ስትጫኚ ታገኛታለሽ። ማለትም ዩኩሌሌውን አንስተሽ ምንም ሳትይዢ ብትመቺው እንኳን ትዝታ ነው ሚሰማው። ለልጆቹ አሳዪያቸው፣ አንድ ጣት ብቻ ተጠቅመው ሙሉ ዜማ ይጫወታሉ።

ፒካፑ ላንቺ የግድ አይደለም ግን ካለ አይጎዳሽም፣ የወላጆች ቀን ሲመጣ ስፒከር ላይ ትሰኪዋለሽ። ባትሪውን ግን ማትጠቀሚበት ጊዜ አውጪው።

ጥያቄ፦ እኔ ጣና ዳር አንድ ሎጅ ማታ ማታ ጊታር እጫወታለሁ፣ ዩኩሌሌ ልጨምር አስቤ ነው። ሁሉም ሰው ኦል ሶሊድ ግዛ ይለኛል። ካታዌይ፣ ፒካፕ፣ ሎው ጂ ምናምን ሚባለውስ የቱ ነው ገንዘብ ሚወጣበት?

መልስ፦ ወንድሜ አንተን ግን ኦል ሶሊድ አልመክርህም፣ አሁን ለእህታችን ካልኩት ጋር ሚጋጭ ቢመስልህም። አንተ ደጅ ነህ፣ ከሀይቁ ሚነሳው ንፋስ ማታ ላይ እርጥብ ነው፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ፣ ዕቃህም በባጃጅ ይመላለሳል። በዛ ላይ በስፒከር ነው ምትሰማው። ወጥ ፊት በነፃነት ስለሚንቀጠቀጥ ስፒከር አጠገብ ሲሆን ቶሎ ይጮህብሃል፣ ኮምፔርሳቶው ግን ግትር ስለሆነ ይታገሳል። ስለዚ ጥሩ ኮምፔርሳቶ ቴነር ውሰድና የተረፈህን ገንዘብ ፒካፑ ላይ አውለው፣ ብሪጁ (ፊቱ ላይ ክሮቹ ሚታሰሩበት) ስር የተቀመጠ ፒየዞ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ሚይዝ ፒካፕ፣ ሆኖ ድምፅና ቃና መቀየሪያ ያለው ፕሪአምፕ ያለው። ስትገዛ ሰክተህ አራቱንም ክር አንድ በአንድ ምታቸው፣ አንዱ ደክሞ ሌላው ከጮኸ ፒየዞው በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው።

ሎው ጂ፣ ማለትም የሶል ክር ወፈር ባለ ክር ተተክታ ዝቅ ብላ ስትቃኝ፣ ለአንተ ያስፈልግሃል። በተለመደው ቅኝት የሶል ክር ከፍ ያለች ናት፣ ለኮርድ ትጥማለች ግን ዜማ ወደ ታች ሲወርድ ቦታ ያጣል። ትዝታ ስትጫወት ዜማው ከዶ በታች ወርዶ ሶልና ላ ላይ ሲያርፍ ታውቀዋለህ፣ ሎው ጂ ካለህ ሁለቱም እዛው ክር ላይ ናቸው፣ ሶል ባዶውን ላ ደግሞ ሁለተኛው ፍሬት ላይ። ክሩ ወፈር ስለሚል ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ሚያርፉበት) ላይ ያለው ቦይ መስፋት ሊኖርበት ይችላል፣ በግድ አትጎስጉሰው። ካታዌይ፣ ማለትም እጅ ላይኛው ፍሬት እንዲደርስ አካሉ አንገቱ አጠገብ ሲቆረጥ፣ ቆንጆ ነው ግን ያን ያህል ላይ ወጥተህ አትጫወትም፣ ተወው። መቃኛው ግን ባለ ጥርስ ይሁን፣ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ሚወጣው የድሮው አይነት በትንሽ ንክኪ ብዙ ስለሚዞር በሁለት ዘፈን መሀል ለመቃኘት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ለልጄ የ11 ዓመት ልደት ወጥ ማሆጋኒ ዩኩሌሌ ገዛሁላት። ክረምቱን ሙሉ ምንም አልነበረውም፣ ከኅዳር ወዲህ ግን ክሩ ዝዝዝ ይላል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ደግሞ እጇን ይቧጥጣታል። አሳሳች ዕቃ ሸጠውብኝ ይሆን? (ከቀበሌ 11፣ አባት)

መልስ፦ አባቴ አይዘኑ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው ደርቆ ነው። እንጨት ሲደርቅ በጎኑ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም፣ ስለዚ የፍሬቱ ጫፍ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ፊቱም ትንሽ ሰመጥ ሲል ክሩ ወደ ፍሬቱ ይጠጋና ዝዝዝ ይላል። ሰኔ ላይ ተመልሶ ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል። ሀይቅ ዳር ነን ብለን እንዘናጋለን እንጂ የኛ በጋ ደረቅ ነው።

ይሄን በራሴ ደርሶብኝ ነው ምነግርዎት። ፊቱ ሴዳር የሆነ ቴነር ነበረኝ፣ ሁልጊዜ እንዳየው ብዬ መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። መጋቢት ላይ አንድ ሌሊት «ጧ» ሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት አብርቼ ሳየው ከብሪጁ ስር እስከ ታችኛው ጠርዝ ፀጉር ሚያህል ስንጥቅ ወርዷል፣ ጣቴን ሳሳልፍበት አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ይሰማኛል። ከውስጥ ትንንሽ እንጨት ተለጥፎለት ዳነ፣ መስመሩ ግን እስከዛሬ አለ።

ስለዚ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ ኬዙ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ይብሱና ውስጡ ርጥብ ስፖንጅ ያድርጉበት፣ ስፖንጁ በደንብ ተጨምቆ ውሃ ማይንጠባጠብ ይሁን፣ ከዩኩሌሌው አንገት ጎን ኬዙ ውስጥ ያኑሩት፣ በየሶስት በየአራት ቀኑ ያርጥቡት። ለእንጨቱ ሚስማማው እርጥበት ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት ነው፣ እርጥበት መለኪያ ካገኙ አብሮ ይግባ። ሁለት ሳምንት ይስጡት፣ ይመለሳል። እስከዛ ፍሬቱን ማንም በሞረድ እንዳይነካው፣ ክረምት ሲመጣ ይቆጭዎታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ በዋንዛ ዩኩሌሌ ማሰራት ይቻላል? ሰፈራችን ጎበዝ አናጢ አለ። ክሩንስ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ባረገው?

መልስ፦ ዋንዛ ከበሮ ሚሰራበት እንጨት ነው እኮ፣ ለምን አይቻልም! ቀለል ያለ ነው፣ ለስራ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። ችግሩ ውፍረቱ ላይ ነው። አናጢ ወንበርና ጠረጴዛ የለመደ ስለሆነ ጠንካራ እንዲሆንልህ ብሎ ፊቱን 5 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል፣ ያኔ ሳጥን ሆነ ማለት ነው አይዘፍንም። የዩኩሌሌ ፊት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከስሩ በስስ ዘንግ ተደግፎ። እንጨቱ ደግሞ ጥላ ስር በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ትናንት የተሰነጠቀ እርጥብ ዋንዛ በጥቅምት ይጣመማል። የፍሬቶቹን ርቀት በዓይን አታስለካ፣ ካለህ ዩኩሌሌ ላይ በትክክል አስገልብጥ። ሲያልቅ ባዶውን ክር ምታና ከዛ 12ኛውን ፍሬት ተጭነህ ምታ፣ ስልክህ ላይ ባለው ቱነር ሁለቱም አንድ የኖታ ስም መስጠት አለባቸው፣ ቱነሩ 12ኛውን ከኖታው ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ ካሳየህ ብሪጁ ቦታውን ስቷል።

ናይለኑ ይሰራል። ፍሎሮካርበን ሚባለው የዓሣ ክር ካገኘህ ደግሞ ይበልጣል፣ የዩኩሌሌ ክር ተብሎ ሚሸጠው አንዱ አይነት ራሱ እሱ ነው። ለላ ክር 0.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ፣ ለዶ 0.8 ገደማ ይሁን፣ ሚና ሶል መሀሉ ላይ ናቸው። የጊታር የብረት ክር ግን በፍፁም እንዳታስገባ፣ ውጥረቱ ብሪጁን ነቅሎ ነው ሚያወጣው። አዲስ ክር ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል እየሳሳበ ከቅኝት ይወጣል፣ ጠዋትና ማታ እየቃኘህ ጠብቀው።