በጣት መጥራት፣ ራስ መነቅነቅ፣ ማማለል፦ የሩሲያኛ ግሦች ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ

ጥያቄ፦ «ፖማኒል ዬዮ ፓልትሴም» (በጣቱ ጠራት) የሚለውን ሩሲያኛ በእንግሊዝኛ «ቤከንድ» (በምልክት ጠራ) ብዬ ብተረጉመው ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም፤ ጣቱ ግን ይጠፋል። «ፓልትሴም» ማለት «በጣት» ነው፤ በእጅ ቢሆን «ሩኮይ» ይል ነበር። አንዲት ጣት አጥፎ ሰው መጥራት ንቀት ወይም ማሽኮርመም አለበት፤ ደራሲው ጣቷን የጻፋት ለዚህ ነው። እኔ «ክሩክድ ሂዝ ፊንገር አት ኸር» እላለሁ። በእጅ ከሆነ «ዌቭድ ኸር ኦቨር» ያምራል። «ኦቨር» ከተረሳች ግን ሰውየው እየጠራት ሳይሆን እየተሰናበታት ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ማህኑል ሩኮይ ና ሲና»ስ? ልጁን በእጁ ጠራው ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! በልጁ ተስፋ ቆረጠ፣ ተወው ማለት ነው። «ና» የምትለዋን መስተዋድድ እንደ አማርኛው «ና» እንዳታነባት አደራ።

ጥያቄ፦ «ኪቭኑል ጎሎቮይ» (ራሱን ነቀነቀ)ስ?

መልስ፦ «ኖድድ» ይበቃል፤ እንግሊዝኛው «ጎሎቮይ»ን፣ «በጭንቅላቱ» የሚለውን፣ አይፈልግም። እኛን የሚያሳስተን የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ራሱን ነቀነቀ» እሺታም እምቢታም ይሆናል፤ ሩሲያኛው ግን ወደ ታች የሚወርድ እሺታ ወይም ሰላምታ ነው። «ሹክ ሂዝ ሄድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ እሺ ያለውን ሰው እምቢ አሰኛችሁት። «ኪቫት ና ድሩጊህ» ደግሞ ጥፋትን በሌሎች ማላከክ ነው፤ እዚያ «ኖድ» አይሠራም።

ጥያቄ፦ «ማኒት»፣ «ዛማኒት»፣ «ቪማኒት»፣ «ፔሬማኒት» ሁሉም «ሉር» (ማማለል) ናቸው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሥራው ሁሉ ያለው ከ«ማኒት» ፊት በምትቀጠለው ባዕድ መነሻ ላይ ነው። «ዛ» ወደ ውስጥ ያስገባል፦ አይጧን ወደ ወጥመድ፣ «ሉርድ ኢንቱ»። «ቪ» ያወጣል፦ ቀበሮዋን ከጉድጓዷ፣ «ሉርድ አውት»፤ ከአሮጊት ገንዘብ ሲወጣ ግን «ትሪክድ ኸር አውት ኦፍ» ይሻላል። «ፔሬ» ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ሠራተኛን ከተፎካካሪ ድርጅት ለመውሰድ እንግሊዝኛው «ፖች» የሚል ቃል አለው። «ስማኒት» ከነበረበት ማራቅ ነው፤ የእኛ «አስኮበለለ» ልክ እርሱ ነው።

መነሻ የሌለው «ማኒል» መጣሩን እንጂ መሳካቱን አይናገርም። ሩሲያዊ «ማኒል፣ ኖ ኔ ዛማኒል» ቢል እንከን የለውም፦ አባበላት፣ አልመጣችለትም። «ሉርድ ኸር» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ግን አንባቢው መጥታለች ብሎ ያስባል። «ትራይድ ቱ ሉር» በሉ።

ጥያቄ፦ ባሕር «ማኒት» (ይጠራል፣ ይማርካል) ሲባልስ?

መልስ፦ «ቤከንስ»። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ።