ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ዛሬ በሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ላይ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አደራ፣ ያላነበበ አይከራከር። የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ግሩም ነው፤ ግን ንባብን አይተካም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም። አንድ ሰው ወይም አንድ ምዕራፍ ያዝና ተመለስ።

ጥያቄ፦ ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የድሃና የባላባት ልዩነት ብቻ ነው?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር። የሰብለን አባት የፊታውራሪ መሸሻን የዘር ትዕቢት ሁሉም ያያል። ስለቱን ግን ዘለነው እናልፋለን። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በዛብህን ገና በሕፃንነቱ ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። እሱን የጠየቀው የለም።

ብዙዎች እዚህ ላይ ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር የተሳለችውን ሐናን ያነሳሉ። ሳሙኤል ግን ልጆች ወልዷል፤ የእናቱ ስለት ከትዳር አላገደውም። እኔ በዛብህን የማስጠጋው ወደ ዮፍታሔ ልጅ ነው። መሳፍንት 11ን ክፈቱ። አባት በድል ስመለስ መጀመሪያ ከቤቴ ወጥቶ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ ይሳላል፣ የተቀበለችው ልጁ ትከፍላለች። ለድንግልናዋ ልታለቅስ ሁለት ወር ተራራ ለተራራ ትዞራለች። በዛብህም ያልገባበትን ዕዳ ነው የተሸከመው። ሰብለን ሲወድ መሸሻን ብቻ አይደለም የሚፈራው። ሐዲስ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ስለት እንዴት እንደሚያስር ያውቁታል። መጨረሻውንም እዩት። እሱ ይሞታል፣ እሷ ትመነኩሳለች። የእሱን ስለት የፈጸመችው ሰብለ ናት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የኛ ሮሚዮና ጁልየት ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እዚያ ጠበኞቹ እኩያ ቤተሰቦች ናቸው። እዚህ እኩያ የለም።

ጥያቄ፦ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ ራሳቸው ደራሲው ናቸው አይደል?

መልስ፦ ገጸ ባሕርይን ከደራሲ አታምታቱ።

አንድ አባል፦ ጉዱ ካሣ ወሬ ብቻ ነው። ገበሬዎቹን መርቶ የተዋጋው አበጀ በለው ነው!

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ባላባት ሆኖ የባላባትን ሥርዓት መንቀፍ ቀላል ነው? ስሙን እኮ «ጉዱ» ያሉት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ገበሬዎቹ መሸሻን ሲማርኩ ጉዱ ካሣ የት ነበር?

መምህሩ፦ በቃ። ሁለታችሁም ሰውን በጀግንነት ብቻ ትመዝናላችሁ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ አብዮቱ የመጣው በ1966። ያኔ ሥርዓቱን በአደባባይ የሚተች ሰው በልብ ወለድ ውስጥ ማቆም ራሱ ድፍረት ነበር። አበጀ በለው እምቢ አለ፤ ጉዱ ካሣ ለምን እምቢ እንደሚባል ተናገረ። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አጠቃላይ መልእክቱን ባጭሩ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ መልሻለሁ። መጽሐፉን አንብብ።

ጥያቄ፦ እኔ አንብቤዋለሁ። በዛብህ በስለቱ ላይ እያወቀ ነው ያመፀው ወይስ ፍቅር ወሰደው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ሰብለን ሊያስተምር ወደ መሸሻ ቤት የገባበትን ክፍል ድገመው። ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። እያወቀ ይመስለኛል፤ ባያውቅማ ኖሮ ባልተጨነቀ።